የሰማይ ዋልታ ለአድማስ ሲቀርብ፦ በቴሌስኮፕ የሰማይ ፎቶግራፍ ማንሳት አጀማመር በኢትዮጵያ ኬክሮስ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1880 አሜሪካዊው ሐኪምና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪ ድሬፐር በኒውዮርክ ግዛት፣ ሄስቲንግስ-ኦን-ሃድሰን በነበረው የግል ምልከታ ጣቢያው ቴሌስኮፑን ወደ ኦሪዮን ኔቡላ አዙሮ አንድ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ለ51 ደቂቃ ብርሃን እንዲቀበል አደረገ። ውጤቱ በታሪክ የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶግራፍ ሆነ። ምስሉ ለዛሬ ተመልካች ደብዛዛ ነው፤ ደማቆቹ ከዋክብት ከልክ በላይ ተስፋፍተዋል፣ ከጋዙም ጎልቶ የሚታየው መሐለኛው ክፍል ነው። በማርች 1882 ያንኑ ኔቡላ ለ137 ደቂቃ ሲያነሳ ግን ፈዛዛዎቹ የዳር ክፍሎች ጭምር ወጡ። በጃንዋሪ 1883 ደግሞ እንግሊዛዊው አንድሩ ኤይንስሊ ኮመን ለንደን አጠገብ በምትገኘው ኢሊንግ፣ ባለ 91 ሴንቲ ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፕ ተጠቅሞ በ37 ደቂቃ ያነሳው ምስል በዚያው ቴሌስኮፕ በዓይን ሊታዩ ያልቻሉ ከዋክብትን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ የዓይን ረዳት መሆኑ ቀርቶ ከዓይን የላቀ መሣሪያ ሆነ።

በእነዚህ ሦስት ምስሎች ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመስተዋቱና የሰሌዳው ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ 137 ደቂቃ ማለት ከባድ የብረት ቱቦ ከሁለት ሰዓት በላይ ሰማዩን እየተከተለ፣ ከዋክብቱን ከቦታቸው ሳያናጋ መዞር ነበረበት ማለት ነው። ፎቶግራፉን የሚቻል ያደረገው ክትትሉ ነው። ዛሬም በቴሌስኮፕ ፎቶግራፍ ማንሳት የሚጀምር ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቴሌስኮፑ ምን ያህል ትልቅ ይሁን?» ብሎ ነው፤ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ምን ያህል በትክክል ይከተላል?» የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተጻፉ መመሪያዎች ይለያል። ምክንያቱም የሰማይ ዋልታ በአዲስ አበባ ከአድማስ በ9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ክትትል ከመጠን ይቀድማል

ሰማይ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አንድ ዙር ይዞራል። ስለዚህ በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ በእያንዳንዱ ሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ያህል ይጓዛል፤ አንድ ዲግሪ 3600 አርክ ሰከንድ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ይህ ጉዞ በካሜራው ላይ ምን ያህል እንደሚታይ ለማወቅ የፒክስሉን ስፋት በማይክሮሜትር ወስዶ በ206 ማባዛትና ውጤቱን በሚሊ ሜትር ለተለካው የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር አንድ ፒክስል ስንት አርክ ሰከንድ ሰማይ እንደሚሸፍን ይናገራል።

ለምሳሌ ያህል 4.3 ማይክሮሜትር ፒክስልና 22.3 ሚሊ ሜትር የጎን ርዝመት ያለው ሴንሰር የተገጠመለት ተራ ዲጂታል ካሜራ ይወሰድ። የትኩረት ርዝመቱ 400 ሚሊ ሜትር ከሆነ አነስተኛ ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ጋር ሲገጠም አንድ ፒክስል 2.2 አርክ ሰከንድ ይሸፍናል፤ ምስሉም በረጅሙ ጎኑ 3.2 ዲግሪ ሰማይ ይይዛል። ይኸው ካሜራ 1500 ሚሊ ሜትር ካለው ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ጋር ሲገጠም አንድ ፒክስል 0.59 አርክ ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ የምስሉም ርዝመት ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። አንድ ዲግሪ ያህል የሚሰፋው ኦሪዮን ኔቡላ በመጀመሪያው ውስጥ ከነአካባቢው ይገባል፣ በሁለተኛው ውስጥ ዳሩ ይቆረጣል። ክትትል በሌለበት ኮከቡ አንድ ፒክስል ለማለፍ በመጀመሪያው ቴሌስኮፕ 0.15 ሰከንድ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከሰከንድ አንድ ሃያ አምስተኛውን ብቻ ይወስድበታል።

ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው ማውንትም ራሱ ፍጹም አይደለም። የሚያዞሩት ጥርሶች በእያንዳንዱ ዑደት ትንሽ ይቀድማሉ፣ ትንሽ ይዘገያሉ። በርካሽ ማውንቶች ላይ ይህ ስህተት ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 አርክ ሰከንድ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ዑደቱ ስምንት ደቂቃ ከሆነ ስህተቱ በሚፈጥንበት ቅጽበት በ30 ሰከንድ ውስጥ ኮከቡ 6 አርክ ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል፤ በአጭሩ ቴሌስኮፕ ከሦስት ፒክስል ያነሰ፣ በረጅሙ ግን አሥር ፒክስል መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ከተነሱት ምስሎች ጥቂቱ ይጣላል፣ በሁለተኛው ደግሞ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ የተወሰነ በጀት ያለው ጀማሪ ገንዘቡን በጠንካራ ማውንትና በ7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ላይ ቢያውል፣ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር መስተዋት በሚወዛወዝ መቆሚያ ላይ ከሚጭነው ሰው የተሻለ ምስል ያገኛል። አምራቹ «ይሸከማል» ብሎ ከጻፈው ክብደት ለፎቶግራፍ ግማሹን ብቻ መጫን በልምድ የጸና ደንብ ነው።

አንድ ነገር ከግዢ በፊት መታየት አለበት። ኢኳቶሪያል የሚባለው ማውንት አንዱ ዛቢያው ወደ ሰማይ ዋልታ ስለሚያመለክት በኬክሮስ ልክ ዘንበል ይደረጋል። የአንዳንዶቹ ማስተካከያ ግን ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ ይጀምራል፤ እንዲህ ያለው ማውንት በመቀሌ 13.5 ዲግሪም ሆነ በአርባ ምንጭ 6 ዲግሪ ከነጭራሹ አያገለግልም። ማስተካከያው የሚወርድለትም ቢሆን ዛቢያው ወደ አግድም ስለሚቀርብ የሚዛን ክብደቱ ዘንግ ሲዞር ከሰሜን በኩል ካለው የመቆሚያ እግር ጋር ይጋጫል። መፍትሔው በመቆሚያውና በማውንቱ መካከል አጭር ምሰሶ መጨመር ነው፤ ይህም በማንኛውም የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሊሠራ ይችላል።

ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ያለ ዋልታ

የውጭ መመሪያዎች «የሰሜን ኮከብን በዋልታ መመልከቻው ውስጥ አስገባ» ብለው ያልፋሉ። በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ግን የሰሜን ኮከብ ብርሃን ወደ ዓይን የሚደርሰው አናት ላይ ካለው የአየር መጠን ስድስት እጥፍ አቋርጦ ነው፤ አቧራና የማገዶ ጢስ ባለበት ምሽት ኮከቡ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ከዚህም በላይ ከመመልከቻው ቦታ 700 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ከ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲታይ 8 ዲግሪ ያህል ይነሳል። የእንጦጦ ሰንሰለት ከከተማው በስተሰሜን በመሆኑ ከግርጌው ባሉ ሰፈሮች ለሚቆም ሰው ጋራው ከነባሕር ዛፉ ኮከቡን ቢሸፍንበት ሊደነቅ አይገባም።

ኮከቡ ቢታይም ሁለት እርማቶች አሉ። አንደኛው፣ የሰሜን ኮከብ ከእውነተኛው ዋልታ ሁለት ሦስተኛ ዲግሪ ያህል ይርቃል። ሁለተኛው፣ ከባቢ አየር ብርሃኑን ስለሚያጎብጥ ኮከቡ ካለበት ከ4 እስከ 5 አርክ ደቂቃ ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ለጀማሪ ቸል ሊባል የሚችል ነው፤ የመጀመሪያው ግን አይደለም። የዋልታ ዛቢያ በአንድ ዲግሪ ከተዛባ ኮከቡ በደቂቃ እስከ 16 አርክ ሰከንድ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ዛቢያውን በቀጥታ በሰሜን ኮከብ ላይ ያነጣጠረ ሰው በአንድ ደቂቃ ምስል ውስጥ እስከ 10 አርክ ሰከንድ፣ ማለትም በአጭሩ ቴሌስኮፕ ከአራት ፒክስል በላይ ያጣል። ስህተቱ ወደ 5 አርክ ደቂቃ ከወረደ ግን መንሸራተቱ በደቂቃ 1.3 አርክ ሰከንድ ብቻ ስለሚሆን ከአንድ ፒክስል ያንሳል። ለመጀመሪያው ዓመት ሥራ የሚበቃው ግብ ይህ ነው።

ለመነሻ ያህል የዛቢያውን ከፍታ በስልክ ማዘንበል መለኪያ ወይም በውሃ ልክና በማዕዘን መለኪያ ማስተካከል ይቻላል። የሰሜን አቅጣጫን በኮምፓስ መፈለግ ግን ብረት በበዛበት ማውንት አጠገብ አሳሳች ነው። ከኮምፓስ የሚሻለው የቀትር ጥላ ነው። ከክር ላይ የተንጠለጠለ ቱምቢ ፀሐይ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናት በኩል የሚያልፈውን መስመር፣ ማለትም ሜሪዲያኑን በምታቋርጥበት ደቂቃ የሚጥለው ጥላ በትክክል የሰሜንና የደቡብ መስመር ነው። ደቂቃው ግን ከቀኑ 6 ሰዓት አይደለም። አዲስ አበባ ከሰዓት ክልሏ ማዕከል በስተምዕራብ ስለምትገኝ፣ የምድርም ምህዋር ክብ ባለመሆኑና ዛቢያዋም ያዘነበለ በመሆኑ፣ እውነተኛው ቀትር በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይሆናል። የፀሐይ አቅጣጫ በዚያን ሰዓት በእያንዳንዱ ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሚለወጥ ሰዓቱ በትክክል መታወቅ አለበት። መስመሩ አንዴ በሲሚንቶ ወለል ላይ ከተሰመረ ለዓመታት ያገለግላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዋልታውን ሳያዩ ዋልታውን የማግኘት ጥበብ ነው፤ የመንሸራተት ዘዴ ይባላል። በመጀመሪያ ከሰማይ ወገብ አጠገብ ያለና በሜሪዲያኑ ላይ የሚገኝ ኮከብ ይመረጣል። ማውንቱ እየተከተለ ኮከቡ በመስቀለኛ መስመር ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ይታያል። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዛቢያው ከዋልታው በስተምሥራቅ ያመለክታል ማለት ነው፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ በስተምዕራብ። አቅጣጫው ታርሞ መንሸራተቱ ሲቆም ወደ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ፣ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ላይ ወዳለ ሌላ ኮከብ ይዞራል። ይህኛው ወደ ሰሜን ከሸሸ ዛቢያው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል፤ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዝቅ ብሏል። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚደረገው መንሸራተት የጥርሶቹ ስህተት ስለሆነ በዚህ ሥራ አይቆጠርም። ዘዴው የሚጠይቀው የሰማይ ወገብን ነው፤ የሰማይ ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ከአናት ብዙ ሳይርቅ፣ በጠራው የሰማይ ክፍል ያልፋል። ሰሜኑ የነፈገውን አናቱ ይሰጣል ማለት ይቻላል።

ዛሬ በምስሉ ላይ ያሉትን ከዋክብት ከካታሎግ ጋር አመሳስለው የዛቢያውን ስህተት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሰሜን ኮከብን ማየት አይፈልጉም። ፈጣኖች ናቸው፣ ሊጠቀሙባቸውም ይገባል። ቢሆንም ተማሪው ቢያንስ ሁለት ምሽት በእጁ በመንሸራተት ዘዴ ቢሠራ ይመረጣል፤ የሰማዩን መዞር በስሌት ብቻ የሚያውቅ ሰው ፕሮግራሙ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጠው አይነቃም።

አልት-አዚሙት ማውንት ላለው

ብዙዎች በእጃቸው ያለው ወደ ላይና ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ፣ በኮምፒውተር የሚመራ አልት-አዚሙት ማውንት ነው። ይህ ኮከቡን ከምስሉ መሐል ባያስጠፋም ምስሉ ራሱ በመሐሉ ዙሪያ ይሽከረከራል። የሽክርክሪቱ ፍጥነት በሰዓት 15 ዲግሪ በኬክሮሱ ኮሳይንና በአቅጣጫው ኮሳይን ተባዝቶ ለከፍታው ኮሳይን የተካፈለ ነው፤ አቅጣጫው ከሰሜን ይለካል። ከዚህ ቀመር የሚገኘው ውጤት ለዝቅተኛ ኬክሮስ አስደሳችም አሳዛኝም ነው። በደቡብ በኩል በ60 ዲግሪ ከፍታ ያለ ነገር በሰዓት 30 ዲግሪ ያህል ይሽከረከራል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከመሐሉ 2000 ፒክስል የሚርቅ ኮከብ ከ8 ፒክስል በላይ ይሳባል። በቀጥታ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ያለ ነገር ግን ሽክርክሪቱ ዜሮ ነው። በዝቅተኛ ኬክሮስ ከሰማይ ወገብ አጠገብ ያሉ ነገሮች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ በቀረበ መንገድ ወጥተው ስለሚጠልቁ፣ ኦሪዮንን በወጣ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚያነሳ ሰው በአውሮፓ ካለው ጓደኛው ያነሰ ሽክርክሪት ይገጥመዋል። ወደ አናት ሲቃረብ ማቆም አለበት፤ እዚያ ሽክርክሪቱ ያለ ልክ ይፈጥናል።

አንድ ምስል ስንት ሰከንድ ይሁን?

ድሬፐር ሁለት ሰዓት ከሩብ በላይ በአንድ ሰሌዳ ላይ ማጠራቀም ነበረበት። ዲጂታል ካሜራ ይህን ግዴታ አንስቶታል፤ መቶ ባለ 30 ሰከንድ ምስሎች ተደራርበው ከአንድ ባለ 50 ደቂቃ ምስል ጋር ሊቀራረቡ ይችላሉ። ምልክቱ በምስሎቹ ቁጥር ልክ ሲያድግ በዘፈቀደ የሚለዋወጠው ሁከት የሚያድገው በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ብቻ ስለሆነ፣ መቶ ምስል የምልክትና የሁከት ጥምርታን አሥር እጥፍ ያሻሽላል። ልዩነት የሚያመጣው ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ሲያነብ የሚጨምረው የንባብ ሁከት ነው።

የንባብ ሁከቱ 3 ኤሌክትሮን ነው ቢባል ስኩዌሩ 9 ነው። የሰማዩ የራሱ ብርሃን በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ በሰከንድ 1 ኤሌክትሮን የሚጥል ከሆነ በ90 ሰከንድ 90 ይሆናል፤ ይህ ከንባብ ሁከቱ ስኩዌር አሥር እጥፍ ስለሆነ የንባብ ሁከት በጠቅላላው ላይ የሚጨምረው 5 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ምስሉን ማስረዘም ትርፉ ትንሽ ነው። አሁን ይኸው ካሜራ ሰማዩ አምስት እጥፍ ወደሚደምቅበት ከተማ ይወሰድ። እዚያ ተመሳሳይ ደረጃ ላይ የሚደረሰው በ18 ሰከንድ ነው። የብርሃን ብክለት የማውንቱን ሸክም ያቀላል ማለት ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን በሌላ መንገድ ያስከፍላል፤ ፈዛዛ ኔቡላን በእኩል ጥራት ለማግኘት ጠቅላላው ጊዜ አምስት እጥፍ መሆን አለበት። በገጠር ሁለት ሰዓት የፈጀው ምስል በከተማ አሥር ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ይጠይቃል። ከከተማ ወጥቶ ለማደር የሚወጣው የትራንስፖርት ወጪ ከአዲስ ቴሌስኮፕ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የቱ እንደሚያዋጣ ከዚህ ስሌት መረዳት አይከብድም።

ትኩረቱን ለማስተካከል ሩሲያዊው ፓቬል ባህቲኖቭ የፈለሰፈው ባለ ሽንሽን መሸፈኛ ከካርቶን ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል፤ በደማቅ ኮከብ ላይ ሲሞከር ሦስት የብርሃን መስመሮች ይታያሉ፣ መሐለኛው በትክክል በሁለቱ መካከል ሲያልፍ ትኩረቱ ደርሷል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ሙቀት በሌሊት በፍጥነት ስለሚወርድ ትኩረቱ በየሰዓቱ መታየት አለበት። ውርጭ ባለበት ሌሊት የሌንሱን ጤዛ መከላከያ መርሳትም ሌሊቱን ሙሉ ያስከፍላል።

ምስል ልኬት የሚሆነው መቼ ነው?

የሚያምር ምስልና ለምርምር የሚሆን ምስል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ካሜራውን በራው ፎርማት እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። የጄፔግ ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው 14 ቢት ያለው ራው 16,384 ደረጃ አለው፤ ከሁሉም በላይ በራው ውስጥ እጥፍ ብርሃን እጥፍ ቁጥር ይሰጣል፣ በጄፔግ ግን ካሜራው ቁጥሮቹን ለዓይን እንዲመቹ አድርጎ አጉብጧቸዋል። በጄፔግ የተነሳ የአንድ ዓመት ምልከታ ለብርሃን ልኬት ሊታረም አይችልም።

ሁለተኛው የማስተካከያ ምስሎች ናቸው። የጨለማ ምስል የቴሌስኮፑ አፍ ተከድኖ በተመሳሳይ የሰከንድ ርዝመትና በተመሳሳይ ሙቀት ይነሳል። ማቀዝቀዣ በሌለው ካሜራ ሴንሰሩ ከሙቀት የተነሳ የሚያመነጨው ኤሌክትሮን በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እጥፍ ስለሚሆን፣ ከምሽት እስከ ንጋት ሙቀቱ 8 ዲግሪ ቢወርድ ምሽት ላይ የተነሳው የጨለማ ምስል ለንጋቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሳሳታል። ስለዚህ በየመሐሉ ማንሳት ይገባል።

ጀማሪዎች የሚዘሉት ግን ሌላውን፣ የወጥ ብርሃን ምስልን ነው። በአብዛኞቹ ቴሌስኮፖች የምስሉ ጥግ ከመሐሉ ያነሰ ብርሃን ይደርሰዋል። ጥጉ በ30 በመቶ ቢጨልም እዚያ ያለ ኮከብ በ0.39 ማግኒቲዩድ ደብዝዞ ይለካል። ዓይን ይህን አይቶ «ዳሩ ትንሽ ጠቆር ብሏል» ብሎ ያልፈዋል፤ ለልኬት ግን ብዙ ተለዋዋጭ ከዋክብት ከሚያሳዩት ለውጥ የሚበልጥ ስህተት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ጥለት የሌለው ነጭ ነጠላ ታጥፎ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ሳይጨማደድ ተወጥሮ ከፀሐይ መውጣት በፊት ወደ ጠራው አናት በማዞር ከ20 እስከ 30 ምስሎች ይነሳሉ፤ ቁጥሮቹ ከካሜራው ከፍተኛ መጠን ግማሽ አካባቢ መሆን አለባቸው። ካሜራው መነቀል፣ መዞርም ሆነ ትኩረቱ መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ ምስሉ የሚያርመው የሌላ ቴሌስኮፕን ጥላ ነው። እዚህም ኬክሮሱ ጣልቃ ይገባል፤ በኢትዮጵያ ፀሐይ ወደ አድማስ በቀጥታ ስለምትወርድና ስለምትወጣ የጎህና የምሽት ድንግዝግዝ አጭር ነው፣ ምቹው ብርሃንም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ካሜራው ብርሃኑ ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ስለ ፕላኔቶች በአጭሩ

ፕላኔቶች ሌላ ሥራ ናቸው፤ ረጅም የትኩረት ርዝመትና ቪዲዮ ይፈልጋሉ። ከሺህ ከሚቆጠሩ ቅጽበታዊ ምስሎች አየሩ የተረጋጋባቸው ጥቂቶቹ ተመርጠው ይደራረባሉ። በዚህ ሥራ ኢትዮጵያ ግልጽ ብልጫ አላት፤ ፕላኔቶች የሚጓዙበት የሰማይ መንገድ ሜሪዲያኑን ሲያቋርጥ በአዲስ አበባ ከ57 ዲግሪ በታች አይወርድም፣ ለንደን ላይ ግን እስከ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ጁፒተር ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ በራሱ ዙሪያ ስለሚዞር በ20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ አንድ ቪዲዮ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል።

ለመጀመሪያው በጋ አንድ የልኬት ሥራ

በእንጦጦ ተራራ ላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ የምልከታ ጊዜ ለመጠየቅ የሚያስብ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ በ8 ሴንቲ ሜትር ሌንስ አስቀድሞ ሊለማመድ ይችላል። ለዚህ ተስማሚ ከሆኑት አንዱ ሲ.ዋይ. አኳሪ የተባለው ተለዋዋጭ ኮከብ ነው። ብርሃኑ ከ10.4 እስከ 11.2 ማግኒቲዩድ ይለዋወጣል፤ ሙሉ ዑደቱን የሚፈጽመውም በ88 ደቂቃ ውስጥ ነው። ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 1.5 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ በአዲስ አበባ 82 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል።

በጥቅምት አጋማሽ ኮከቡ ሜሪዲያኑን የሚያቋርጠው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ኢኳቶሪያል ማውንት በዚያ ቅጽበት ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ ስላለበት ዑደቱ ሊቆረጥ ይችላል። በኅዳር አጋማሽ ግን ሜሪዲያኑን በመሸ ጊዜ ስለሚያልፍ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለ ማቋረጥ ከአንድ ዑደት በላይ መመዝገብ ይቻላል። ባለ 30 ሰከንድ ምስሎች ይበቃሉ፤ ከካሜራው አረንጓዴ ፒክስሎች ብቻ የሚወሰደው ቁጥር በሥነ ፈለክ «ቪ» ከሚባለው የብርሃን ማጣሪያ ጋር ስለሚቀራረብ ለልኬት የሚመረጠው እሱ ነው። በዚያው ምስል ውስጥ ካሉ ቋሚ ከዋክብት ጋር እየተነጻጸረ የሚወጣው ግራፍ በፍጥነት ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ቅርጽ ካሳየ ክትትሉ፣ ትኩረቱና የማስተካከያ ምስሎቹ ሠርተዋል። የወጥ ብርሃን ምስል ያልተነሳ እንደሆነ ግን ኮከቡ ከምስሉ መሐል ወደ ዳር በተንሸራተተ ቁጥር ግራፉ ያዘነብላል፤ የ0.39 ማግኒቲዩድ ስህተት ከኮከቡ የ0.8 ማግኒቲዩድ ለውጥ ግማሽ ያህል በመሆኑ የትኛው የኮከቡ፣ የትኛው የቴሌስኮፑ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ኮከብ የማነጻጸሪያ ከዋክብት ካርታ ያዘጋጃል፤ ከየትኛውም አገር የሚላክ ልኬትም ይቀበላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሲ.ዋይ. አኳሪ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ኦሪዮን በምሥራቅ ወጥቶ 20 ዲግሪ ያልፋል፤ ካሜራው ሳይነቀል፣ ትኩረቱ ታይቶ፣ ማውንቱ ወደዚያ ሊዞር ይችላል። ለኔቡላው መሐል ባለ 2 ሰከንድ፣ ለዳሩ ባለ 60 ሰከንድ ምስሎች ተለይተው ይነሳሉ፤ በመሐሉ ያሉት አራቱ ደማቅ ከዋክብት በረጅሙ ምስል ውስጥ ድሬፐር ሰሌዳ ላይ እንደሆኑት ሁሉ ከልክ በላይ ይስፋፋሉና።